የግል ሰነዶችን ከሲ ድራይቭ ስለ ማዛወር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀርቡበት ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ላፕቶፑን እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቢሮዬ መጣ። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ስለ ገባበት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስዶት ነበር። የጥገና ባለሙያው «ፎርማት መደረግ አለበት» አለው፤ እርሱም ተስማማ፤ በማግሥቱም ንጹሕ ሆኖ ተረከበው። ዊንዶውሱ አዲስ ነው፤ ፍጥነቱም ደስ ይላል። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በዴስክቶፑ ላይ «ቴሲስ» በሚል ስም ያኖረው ፎልደር ነው። በውስጡ የስምንት ወር የላቦራቶሪ ልኬት፣ ሦስት ምዕራፍ ጽሑፍና ግራፎቹ በሙሉ ነበሩ።

«ዶክተር፣ ዲ ላይ ያለው እኮ ምንም አልሆነም፤ ፊልሞቹና ዘፈኖቹ ሁሉም አሉ» አለኝ።

ይህ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ፊልሞቹ የተረፉት በጥንቃቄ ሳይሆን ሲ ድራይቭ ስለ ሞላበት ወደ ዲ የተወረወሩ በመሆናቸው ነው። ጽሑፉ ደግሞ የጠፋው ዊንዶውስ ራሱ በመረጠለት ቦታ ስለ ተቀመጠ ነው። በዚህ ጽሑፍ የግል ሰነዶቻችን በኮምፒውተር ውስጥ የት እንደሚኖሩ፣ ወደ ሌላ ድራይቭ ሲዛወሩ በዲስኩ ላይ በእርግጥ ምን እንደሚፈጸምና ዝውውሩ ያለ ጉዳት እንዴት እንደሚከናወን እንመለከታለን።

ፊደሉና ዲስኩ

በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒውተር ማከማቻዎቹን በፊደል ይሰይማል። መጀመሪያው ሲ የሆነበት ምክንያት ታሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ኤ እና ቢ የሚባሉ ፊደላት ለፍሎፒ ዲስኮቹ ተሰጥተው ነበር። በ1983 ኤክስ.ቲ. የተባለው ሞዴል ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ቀጣዩ ፊደል ሲ ደረሰው። ፍሎፒ ዲስክ ከጠረጴዛችን ከተሰናበተ ቆይቷል፤ የኤ እና የቢ ወንበሮች ግን ዛሬም ባዶ ናቸው።

«ድራይቭ» በሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እናምታታለን። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ዲስክ ሲሆን ሁለተኛው በዚያ ዲስክ ላይ በሶፍትዌር የተከለለ ክፍል ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ሲ እና ዲ አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ የተፈጠሩ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳሉ ሁለት ክፍሎች ልንቆጥራቸው እንችላለን። የአንዱን ወለል አፍርሶ እንደገና መሥራት ሌላውን አይነካም፤ ቤቱ ቢቃጠል ግን ሁለቱም ይቃጠላሉ። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ወለል እንደ ማደስ ነው። የዲስኩ ሞተር መቆሙ ወይም ላፕቶፑ መሰረቁ ደግሞ ቃጠሎ ነው። ሰነድን ከሲ ወደ ዲ ማዛወር ከመጀመሪያው ብቻ ይጠብቃል፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የግል ሰነዶች የሚቀመጡት በሲ ድራይቭ ላይ ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ይህ ዩዘርስ ተብሎ አጠረ። በእርሱ ሥር በተጠቃሚው ስም የተሰየመ ፎልደር አለ፤ በዚያም ውስጥ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ፣ ሚዩዚክና ቪዲዮስ ይገኛሉ። ዴስክቶፕ የስክሪኑ ገጽታ ስለሚመስል ብዙ ተማሪዎች የትም ድራይቭ ላይ ያለ አይመስላቸውም። እርሱም እንደ ሌሎቹ በሲ ላይ ያለ ተራ ፎልደር ነው። የተማሪዬም ጉዳት የመጣው ከዚህ ነው።

መዛወር በፊዚክስ ዓይን

አንድ ፋይል «ተዛወረ» ስንል ምን ተንቀሳቀሰ? መልሱን የሚወስነው መነሻውና መድረሻው በአንድ ድራይቭ ላይ መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው ነው። በሲ ካለው ዴስክቶፕ ወደዚያው ወደ ሲ ሌላ ፎልደር አራት ጊጋባይት የሆነ ፊልም ብናዛውር ሥራው በቅጽበት ያልቃል። ከፊልሙ አንዲትም ቢት ስላልተነቃነቀች ነው። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የሚባለው የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ማስተር ፋይል ቴብል የተሰኘ ዋና መዝገብ አለው። በዚህ መዝገብ ውስጥ የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ የሚገኝበት ፎልደርና ይዘቱ የሰፈረባቸው የዲስኩ ቦታዎች ተጽፈዋል። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ስናዛውር የሚታረመው የፎልደሩ መስመር እንጂ ይዘቱ አይደለም። መጽሐፉ ከመደርደሪያው ሳይነሣ በቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ላይ ብቻ ርዕስ እንደ መለወጥ ነው።

ከሲ ወደ ዲ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ድራይቭ የራሱ መዝገብ ስላለው የአንዱን መስመር በማረም ፋይሉን ወደ ሌላው ማሻገር አይቻልም። ኮምፒውተሩ ይዘቱን አንብቦ በአዲሱ ቦታ ይጽፈዋል፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ይሰርዛል። ስለዚህ በድራይቮች መካከል «መዛወር» የሚባል ነገር በእርግጥ የለም፤ ያለው መቅዳትና መሰረዝ ነው።

ይህ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? የተለመደ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200፣ በሰከንድም 120 ጊዜ ይዞራል። የሳሕኑ ዲያሜትር 95 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የጠርዙ ፍጥነት 3.14 × 0.095 × 120፣ ማለትም በሰከንድ 36 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት ሲሰላ 129 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚበሩት መኪኖች ጋር የሚፎካከር ፍጥነት ነው። አንባቢው ጭንቅላት ከዚህ ሳሕን በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። (አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና፣ የጠጣር አካላት ፊዚክስ መምህር ይህን ሳያነሣ አያልፍም፤ ያ ጭንቅላት ጥቃቅን ማግኔታዊ ምልክቶችን ማንበብ የቻለው አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ1988 በየፊናቸው ባገኙት ጃያንት ማግኔቶሬዚስታንስ በተባለ ክስተት ነው። ክስተቱ በ1997 በአይ.ቢ.ኤም. ሃርድ ዲስኮች ላይ ዋለ፤ ሁለቱም በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።)

ዲስኩ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ ከጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ጭንቅላቱ ወደ ትክክለኛው ክብ መሥመር የሚጓዝበት 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲጨመር አንድን ቦታ ፈልጎ ለማግኘት 13 ሚሊሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 20 ሺህ ጥቃቅን ፋይሎች ያሉት ፎልደር ብንወስድ፣ ለፍለጋ ብቻ 260 ሰከንድ ወይም ከአራት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ፍለጋ ብቻ ይበቃል ብለን ቸር ሆነን እንኳ። በአንጻሩ አንድ ወጥ የሆነ 4 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ በ40 ሰከንድ ተነብቦ ያልቃል። ትልቁ ፊልም ቶሎ አልቆ የትንንሾቹ ጽሑፎች ፎልደር የሚያዘግመው በዚህ ምክንያት ነው። ሲ እና ዲ በአንድ ዲስክ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ ያው አንድ ጭንቅላት ከማንበቢያው ቦታ ወደ መጻፊያው፣ ከመጻፊያውም ወደ ማንበቢያው ሲመላለስ ይውላል። የሚሽከረከር አካል በሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ ይህ ምልልስ የለም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ አለ። ዝውውሩ ደቂቃዎችን የሚፈጅ ከሆነ በመካከሉ መብራት ሊቋረጥ ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ዋና መዝገቡን ከመበላሸት የሚጠብቅ የለውጥ ማስታወሻ ይይዛል፤ የፋይሉን ይዘት ግን በዚህ መንገድ አይጠብቅም። ሥራው ሲቋረጥ ከፎልደሩ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ፣ አንዱም ፋይል በመድረሻው ጎደሎ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለሆነም ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ የጠረጴዛውም ኮምፒውተር ዩ.ፒ.ኤስ. ካለው ከእርሱ ጋር ተያይዞ ቢሠራ ይመረጣል። ከሁሉም የሚሻለው አስቀድሞ መቅዳት፣ የሁለቱን ፎልደሮች የፋይል ብዛትና መጠን ማስተያየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀድሞውን መሰረዝ ነው።

አድራሻን ማስለወጥ

ብዙዎች ዶክመንትስን ለማዛወር ፋይሎቹን ቆርጠው ዲ ላይ ይለጥፋሉ። ፋይሎቹ ይሄዳሉ፤ ልማዱ ግን አይሄድም። በማግሥቱ አዲስ ጽሑፍ ሲቀመጥ ወርድ አሁንም ሲ ላይ ያለውን ዶክመንትስ ያቀርባል፤ ከወር በኋላ ሰነዶቹ በሁለት ቦታ ተበታትነው ይገኛሉ። ፖስታ ሣጥኑን ቀይሮ ለማንም ሳያሳውቅ የቀረ ሰውን ይመስላል፤ ደብዳቤዎቹ በቀድሞው ሣጥን መጠራቀማቸውን ይቀጥላሉ።

ዊንዶውስ ለዚህ ያዘጋጀው መንገድ አለ። ፕሮግራሞች «ዶክመንትስ የት ነው?» ብለው ስርዓቱን ይጠይቃሉ፤ ስርዓቱም ሬጅስትሪ በተባለው የውስጥ መዝገቡ፣ ዩዘር ሼል ፎልደርስ በሚለው ክፍል የተጻፈውን አድራሻ ይነግራቸዋል። እኛ የምንለውጠው ይህን አድራሻ ነው፤ ለዚህም ሬጅስትሪውን በእጅ መነካካት አያስፈልግም።

በመጀመሪያ በዲ ድራይቭ ላይ በራሳችን ስም አንድ ፎልደር፣ በውስጡም «ዶክመንትስ» የሚባል ሌላ ፎልደር እንፈጥራለን። ቀጥሎ በተጠቃሚው ስም ሥር ያለውን ዶክመንትስ በማውሱ ቀኝ አዝራር ተጭነን ከሚመጣው ዝርዝር ፕሮፐርቲስ የሚለውን እንመርጣለን። በሚከፈተው መስኮት ላይ ሎኬሽን የሚል ገጽ አለ (በኤክስፒ ጊዜ ታርጌት ይባል ነበር)። እዚያ ሙቭ የሚለውን ተጭነን አዲሱን ፎልደር እናሳያለን፤ ከዚያም አፕላይ እንላለን። ዊንዶውስ የቀድሞዎቹ ፋይሎች ሁሉ ወደ አዲሱ ቦታ ይዛወሩ እንደሆነ ይጠይቃል። አስቀድመን ቀድተን ካረጋገጥን ኖ ማለት፣ ካልሆነም የስ ብሎ መጠበቅ ነው። ዴስክቶፕን፣ ፒክቸርስንና ሌሎቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፎልደር አዘጋጅተን እናዛውራለን።

«ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ራሴ ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ በችኮላ ፎልደር ሳልፈጥር ዲ ድራይቭን እንዳለ መረጥሁ። በዚያች ቅጽበት ዲ ሁሉ «ዶክመንትስ» ሆነ፤ የላቦራቶሪው የልኬት ፋይሎች፣ የፕሮግራም መጫኛዎችና የግል ደብዳቤዎቼ በአንድ ስም ሥር ተደባለቁ። ልመልሰው ስል ዊንዶውስ በስሕተት መልእክት እየተቃወመኝ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወሰደብኝ። ሁለት ፎልደሮችን፣ ለምሳሌ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን፣ ወደ አንድ ቦታ ማመልከትም ተመሳሳይ ውዝግብ ያመጣል።

በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ሌላ እንቅፋት ሊያጋጥም ይችላል። ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ዶክመንትስንና ዴስክቶፕን በራሱ ፎልደር ሥር አስገብቷቸው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ከዋንድራይቭ ማስተካከያ ውስጥ የፎልደሮቹን ቅጂ መያዝ ማስቆም ያሻል። ከዚያም ፋይሎቹ በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ቀርተው እንደሆነ መመልከት አይዘንጋ።

የማይዛወረውና የማይዛወርበት

ፕሮግራም ፋይልስ፣ ዊንዶውስና አፕዳታ የተባሉት ፎልደሮች ቦታቸውን ይዘው ይቆዩ። የተጫኑ ፕሮግራሞች አድራሻቸው በሬጅስትሪው በብዙ ስፍራ ስለ ተጻፈ ፎልደራቸው ሲነሣ መሥራት ያቆማሉ። ሲ ድራይቭ የሞላበት ሰው እነዚህን ለማንሣት ይፈተናል፤ ዳውንሎድስን መጀመሪያ ቢያጸዳ ይሻለዋል።

የሰነዶችን አድራሻ ወደ ፍላሽ ዲስክ ማመልከትም አይገባም። ፍላሹ በተነቀለ ጊዜ ዊንዶውስ «ቦታው አይገኝም» ይላል። መልሰን ስንሰካውም የተሰጠው ፊደል ተለውጦ ኢ የነበረው ኤፍ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ፍላሾች ብዙውን ጊዜ በፋት32 ሥርዓት የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ በዚህ ሥርዓት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም።

ለሳይንስ ተማሪዎች የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። በማትላብ ወይም በሌላ ቋንቋ የጻፋችሁት ፕሮግራም የልኬት ፋይሉን ከሲ ጀምሮ በሙሉ አድራሻ የሚጠራ ከሆነ፣ ከዝውውሩ በኋላ ፋይሉን አያገኘውም። በላቴክ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው። አድራሻውን ከፕሮግራሙ ፎልደር አንጻር መጻፍ ይህን ችግር ከሥሩ ያነሣዋል።

ኮምፒውተሩን ከሌሎች ጋር የምትጋሩ ከሆነ ደግሞ፣ በዩዘርስ ሥር ያለው ፎልደራችሁ ከሌሎች ተራ ተጠቃሚዎች የተከለለ መሆኑን፣ በዲ ላይ የምትፈጥሩት ፎልደር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ክፍት መሆኑን እወቁ። በፕሮፐርቲስ ውስጥ ሴኩሪቲ በሚለው ገጽ መብቱን መገደብ ይቻላል።

ስለ ፊደሎቻችንም አንድ ቃል ልጨምር። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፎች የላቲን ፊደላትን ቁጥር በሚዋሱ ፎንቶች ይጻፉ ነበር፤ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ እትሞች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። ፎንቱ የሚኖረው ደግሞ በሲ ድራይቭ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። ሰነዱን ወደ ዲ አሻግሮ ፎንቱን ሲ ላይ የተወ ሰው፣ ሲ ፎርማት ሲደረግ ሣጥኑን ይዞ ቁልፉን ያጣል። የአባቶቻችሁን የማኅበር ቃለ ጉባኤ ወይም የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዛውሩ የፎንት ፋይሎቹንም አብራችሁ ቅዱ።

የተማሪው ፋይሎች

ተማሪዬን ምን ገጠመው? ላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ያለው ነበር። ፈጣኑ ፎርማት መዝገቡን አዲስ ያደርጋል እንጂ ዲስኩን አያጸዳም፤ የቀድሞው ይዘት ሌላ ነገር እስኪጻፍበት በማግኔትነቱ ይቆያል። (ከቪስታ ጀምሮ ሙሉው ፎርማት በድራይቩ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ በኤስ.ኤስ.ዲ. ላይም ትሪም የተባለው ትእዛዝ የተሰረዘውን ቦታ ባዶ ስለሚያስደርግ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው።) ሆኖም አዲሱ ዊንዶውስ ብዙ ጊጋባይት በላዩ ጽፎበታል። ዲስኩን አውጥተን ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማያያዝ፣ ምንም ሳንጽፍበት በፋይል ማውጫ ፕሮግራም ሁለት ቀን አስፈተሽነው። ከልኬቶቹ ገሚሱ ስማቸውን አጥተው በቁጥር ብቻ ተሰይመው ወጡ። ከሦስቱ ምዕራፎች አንዱ ተገኘ፤ እርሱም የቀድሞ ረቂቅ ነበር። ቀሪውን ከላቦራቶሪ ደብተሩ እንደገና ሠርቶ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ተመረቀ።

ያኔ ሰነዶቹ በዲ ቢሆኑ ኖሮ ይድኑ ነበር። ዲስኩ ራሱ ቢበላሽ ግን አይድኑም ነበር፤ ከላይ እመለስበታለሁ ያልሁት ነጥብ ይህ ነው። ሲ እና ዲ በአንድ ዲስክ ላይ መሆናቸውን ለማወቅ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ መክፈት በቂ ነው። ዲስክ ዜሮ ተብሎ በአንድ ረድፍ ሁለቱም ከታዩ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እንዲያ ከሆነ የዲውን ሰነድ በየሳምንቱ ወደ ተለየ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት፣ ያንንም ዲስክ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ማኖር ያስፈልጋል። ሲ ብቻ ያለው ኮምፒውተርም በዚሁ መሣሪያ ሽሪንክ ቮልዩም በሚለው ትእዛዝ ከሲ ቀንሶ አዲስ ክፍል ሊያበጅ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ቅጂ መያዝ ግድ ነው።

በመጨረሻም፣ ዊንዶውስ ዳግመኛ ሲጫን አዲሱ ስርዓት በዲ ላይ ስላለው ፎልደር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዶክመንትስን ባዶ አድርጎ በሲ ላይ ይፈጥረዋል። ይህን አይተው ሰነዶቼ ጠፉ ብለው የደነገጡ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ሎኬሽን የሚለውን ገጽ ከፍቶ ወደ ነባሩ ፎልደር ማመልከት ብቻ ይበቃል። ፎልደሩ «መብት የለህም» ካለ፣ መብቱ የተሰጠው ለቀድሞው ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም አዲሱ ተጠቃሚ ለስርዓቱ ሌላ ሰው ነው። በአስተዳዳሪ መብት ገብቶ በሴኩሪቲ ገጽ፣ አድቫንስድ በሚለው ሥር ኦውነር የሚለውን ወደ አዲሱ ተጠቃሚ ማዞር፣ ከዚያም ሙሉ ፈቃድ መስጠት ፎልደሩን ይከፍተዋል።